ቀበሮና የአውሮፕላኗ እግር

አንድ ጊዜ ወንዝ ዳር ባለ ሜዳ የምትኖር ቀበሮ በሪሞት የምትበር ትንሽ አውሮፕላን ነበረቻት። ለሽርሽር የመጡ ሰዎች ጥለዋት የሄዱት አውሮፕላን ናት። ቀበሮ የሪሞቱን ቁልፎች እየነካካች ማብረሩን ለመደች። እንስሳቱም በየቀኑ ተሰብስበው «እመት ቀበሮ፣ እንዳንቺ ያለ ብልህ የት ይገኛል!» እያሉ ያደንቋት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ቀበሮ ያለ ምስጋና ውላ ማደር አቃታት።

ችግሩ ማሳረፉ ላይ ነበር። ሜዳው ድንጋያማ ነው። አንድ ቀን አውሮፕላኗ ስታርፍ ግራ እግሯ ታጥፎ በሆዷ ተንሸራተተች። ቀበሮ የእግሩን ሽቦ አቃንታ በገመድ አሰረችው፤ በማግስቱ ያው ሆነ። ሦስተኛ ጊዜ ሲታጠፍ ጦጣ ዛፍ ላይ ሆና ሳቀች።

ይህን ጊዜ አህያ ቀረብ ብሎ አውሮፕላኗን ገልብጦ አያት።

«እመት ቀበሮ፣ በሽታው እግሩ ላይ አይደለም» አለ። «እግሩ የተተከለበት እንጨት ተሰንጥቋል። ዕድሜዬን የጨረስኩት በሸክም ነው፤ ክብደት የት ላይ እንደሚያርፍ አላጣውም።»

«እንግዲያው ጠግናት» አለች ቀበሮ ከአንገት በላይ።

አህያ ስንጥቁን በግራር ሙጫ ሞላና ከሥሩ ስስ ጣውላ ለጠፈበት። የጎበጠውን ሽቦ አቃና። ሁለቱ እግሮች ግራና ቀኝ እንዳይከፈቱም በመሃላቸው ሌላ ሽቦ አጋደመ። በመጨረሻ መጋጠሚያውን በረጠበ ጅማት ጠቅልሎ ፀሐይ ላይ አስቀመጣት። ጅማቱ ሲደርቅ ተኮማትሮ እንደ ብረት ጠበቀ። አህያ ግን አላመነም፤ ከጉልበቱ ከፍታ ሦስት ጊዜ መሬት ላይ ለቀቃት። ንቅንቅ አላለችም።

በዚያው ቀን አውሮፕላኗ በርራ ተመለሰችና ድንጋዩ ላይ ነጠር ነጠር ብላ በሁለት እግሯ ቆመች። እንስሳቱ እልል አሉ። የሮጡት ግን ወደ ቀበሮ ሳይሆን ወደ አህያ ነው።

«ኮቴህ ይባረክ!» አለችው ጦጣ።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። በሳምንቱ የጃርት ልጆች «የአህያ አውሮፕላን መጣች!» እያሉ ሲሮጡ ቀበሮ ሰማች።

«የአህያ?» አለች ለብቻዋ። «ያገኘኋት እኔ፣ የማበራት እኔ፤ ስሟ ግን የአህያ!»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ አላት። አህያ ሲያልፍ ስታይ ትበግናለች፤ «እንዴት ዋልሽ» ሲላት ደግሞ ይብስባታል።

ክረምት ገባና ወንዙ ሞላ። የአንበሳ ሚስት ከታመመው ደቦሏ ጋር ማዶ ቀረች። አንበሳ እንስሳቱን ሰበሰበ።

«ልጄ ምች መትቶት በትኩሳት እየነደደ ነው። ነገ ጠዋት ዳማከሴ በአውሮፕላኗ ይላክለት» አለ። ከዚያም ወደ አህያ ዞሮ «ያንተ ጥገና የማዶውን ድንጋይ ይችላል?» ብሎ ጠየቀው።

«ይችላል፣ ጌታዬ።»

ቀበሮን ማንም ምንም አልጠየቃትም።

ከሰዓት በኋላ ቀበሮ ጅብ ዘንድ ሄደች። «አያ ጅቦ፣ የደረቀ ጅማት ትበላለህ?»

«ጅማት? የት አለ? ብዙ ነው?»

«ጥቂት ነው፤ ግን ይጣፍጣል። የአውሮፕላኗ እግር ላይ ተጠምጥሟል። ለማንም እንዳትናገር።»

ራሷ ያልበጠሰችው የጥርሷ ምልክት እንዳይታወቅባት ፈርታ ነው። ደቦሉ እንዲሞትም አልፈለገችም። «መድኃኒቱ እንደሆነ ይደርሳል፤ እግሩ ሲነቀል የሚያፍረው አህያ ብቻ ነው» ብላ ልቧን አሳመነች። ጅብ ጅማቱን ግጦ ሲጨርስ ሙጫውንም ላሰው። ቀበሮም ባዶው ቦታ እንዳይታይ ጭቃ ለቀለቀችበት።

በማግስቱ ጠዋት አህያ «ከመነሣቷ በፊት እግሯን አንዴ ልየው» አለ።

«ዝናብ ሊመጣ ነው፤ ዘወር በል!» አለችና ቀበሮ አውሮፕላኗን አስነሣቻት።

አውሮፕላኗ ወንዙን ተሻገረች። ጎማዋ የማዶውን ድንጋይ እንደነካ ሁለቱም እግሮች ተነቅለው ወጡ። ተገልብጣ እየተንከባለለች ወደ ጎርፉ ወረደች። አንበሳይቱ ዘልላ ከአውሮፕላኗ የተፈናጠረውን የመድኃኒት ቋጠሮ በጥፍሯ ቀለበችው፤ አውሮፕላኗን ግን ወንዙ ይዟት ሄደ።

አንበሳ ጎፈሩ ቆሞ ወደ አህያ ዞረ። «ይችላል ብለኸኝ ነበር!»

አህያ ወደ ኋላ አፈገፈገ። «ጌታዬ፣ አጥብቄ ነበር ያሰርኩት...»

«ድሮስ አህያ ከሸክም ሌላ ምን ያውቃል!» አለች ቀበሮ።

ጅብ አህያው የሚበላ መስሎት ምራቁን እየዋጠ ወደ ፊት ተጠጋ። «ማጥበቁንስ አጥብቆ ነው ያሰረው፤ እኔን እስካሁን ጥርሴን ያመኛል» አለ። ከዚያም ወደ ቀበሮ ዞሮ «እመት ቀበሮ፣ እንደ ትናንቱ ያለ ሌላ ጅማት የለሽም?» ብሎ ጠየቃት።

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ።

«መድኃኒቱ ለልጄ ባይደርስ ኖሮ ዛሬ የመጨረሻ ቀንሽ ነበር» አለ። «አሁን ከዚህ ሜዳ ውጪልኝ!»

ቀበሮ ወንዙን ቁልቁል እያየች ቆመች። ውሃው ላይ አንድ ክንፍ ብቅ አለና ጠፋ። አህያ አጠገቧ መጣ።

«እመት ቀበሮ፣ እኔ እኮ አንድም ቀን የእኔ ናት አላልኩም» አላት። «የደከምኩት ላንቺ እንድትበርልሽ ነበር።»

ቀበሮ ምንም የማታዝበትን ሪሞት በአፏ አንጠልጥላ ሜዳውን ለቃ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው ቅናተኛ የባልንጀራውን ስም ለማጉደፍ ሲል የገዛ ሀብቱን በገዛ እጁ እንደሚያጠፋ ነው።