የሙሽሪት ፊልምና የእትዬ ሸጊቱ ዳንቴል

ተረት ነው ካላችሁ ተረት ነው፤ እኔ ግን የቤቱን በር አውቀዋለሁ። ወይዘሮ የሺመቤት የምትባል ሴት ነበረች። አንድ ቀን አንዲት ትንሽ ነገር ፈለገች፤ የልጇን የሕሊናን የሰርግ ፊልም በሳሎኑ ቴሌቪዥን ለታላቅ እህቷ ለእትዬ ሸጊቱ ማሳየት።

እትዬ ሸጊቱ ለዓይኗ ሕክምና ከደብረ ብርሃን የመጣች ናት። የሰርጉ ዕለት ታማ ስለነበር ቀርታለች። እህቷ ቤት ሳምንት ሙሉ ስትቀመጥ ስለ ሰርጉ አንድም ነገር አልጠየቀችም። ትናንት ብቻ አምልጧት፣ "በዚያ ሁሉ ሰው መሀል እኔን ማን ያስታውሰኛል!" አለች። ይህ ቃል የየሺመቤትን አንጀት በላው። እንዳልረሷት የሚመሰክረው ፊልሙ ነው፤ እህቷን የሚወስደው መኪና ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። አሁን ሰባት ተኩል ሆኗል።

ፊልሙ ያለው መኝታ ቤት ባለው አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። የእሱ ስክሪን ትንሽና ደብዛዛ ስለሆነ ለእትዬ ሸጊቱ ዓይን አይሆንም። ፋይል መገልበጫውን ፍላሽ የዕድሩ ጸሐፊ ተውሶት እንደወጣ ቀርቷል። የቀረው ባለቤቷ አቶ ክንፉ፣ ጡረታ የወጣው የጂኦግራፊ መምህር፣ በገዛ እጁ የዘረጋው የቤት ኔትወርክ ነው። አሮጌው ኮምፒዩተር ለላፕቶፑ ይሰጣል፣ ላፕቶፑ ለቴሌቪዥኑ ያመጣል። እስካለፈው ሳምንት ድረስ ሥራው እንዲህ ነበር።

እትዬ ሸጊቱ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች፣ የሺመቤት ቴሌቪዥኑን በቀስታ፣ "ሙሽሪትን አሳየኝ" አለችው።

ቴሌቪዥኑም፣ "በእኔ እጅ ምን አለ? ላፕቶፑ ካላመጣልኝ አላሳይም" አላት።

ወደ ላፕቶፑ ዞረች። "እባክህ ፊልሙን አምጣ። አንተ ካላመጣህ ቴሌቪዥኑ አያሳይም፤ ቴሌቪዥኑ ካላሳየ እህቴ ቅር እንዳላት ትሄዳለች።"

"ደጁ ድረስ ሄጄ ነበር" አለ ላፕቶፑ። "የፋይሉን ስም ያሳየኝና ልገባ ስል በሩን ይዘጋብኛል። አሮጌው ኮምፒዩተር ካልሰጠኝ አላመጣም።"

"እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው" አለ አቶ ክንፉ መነጽሩን ወደ ላይ እየገፋ።

ወደ መኝታ ቤት ገቡ፤ የሺመቤት አሮጌውን ኮምፒዩተር ተቆጣችው። "አንተ ሽማግሌ፣ ስጥ እንጂ! አንተ ካልሰጠህ ላፕቶፑ አያመጣም፤ ላፕቶፑ ካላመጣ ቴሌቪዥኑ አያሳይም፤ ቴሌቪዥኑ ካላሳየ እህቴ ቅር እንዳላት ትሄዳለች።"

አሮጌው ኮምፒዩተር ሲያቃስት ቆየና፣ "ስስት ያለብኝ አይምሰልሽ" አላት። "እኔ ቆርቆሮ ነኝ፤ የሚያዘኝ ውስጤ ያለው ሲስተም ነው። እሱ ካልፈቀደ አልሰጥም።"

አቶ ክንፉ ፓስወርድ አስገባ፣ አወጣ። የፋይል ማጋሪያውን ዘጋ፣ ከፈተ። ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ አበራ። ላብ ላብ ሲለው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። "በቃ! ይህን ሲስተም አውጥቼ ሌላ እጭንበታለሁ። ነፃ ነው፣ ቀላል ነው፣ አሮጌ ዕቃ አይንቅም ይሉታል።"

እውነትም አዲሱ ሲስተም መሳቢያ ውስጥ በሲዲ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ ከርሟል። "አስገቡኝ" አለ። "ልማዴን ግን ልንገራችሁ። ጠቅላላ ቤቱን ውሰድ ካላችሁኝ፣ የነበረውን ሁሉ ጠርጌ ነው የምገባው።"

"ፊልሙንም?" አለች የሺመቤት።

አቶ ክንፉ አንገቱን አከከ። "ፊልሙን... መጀመሪያ ማውጣት ነበረብን።"

"ክንፉ! እጅህን አንሳ! የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ይኼ ደግሞ ከፈሰሰ የሚለቀምም አይደለም።" ሲዲው ወደ መሳቢያው ተመለሰ፤ እሷም መሳቢያውን በጉልበቷ ዘጋችው።

ከዚያ ድምጿን አለስልሳ የነበረውን ሲስተም ለመነች። "ፍቀድ እባክህ። አንተ ካልፈቀድህ አሮጌው አይሰጥም፤ አሮጌው ካልሰጠ ላፕቶፑ አያመጣም፤ ላፕቶፑ ካላመጣ ቴሌቪዥኑ አያሳይም፤ ቴሌቪዥኑ ካላሳየ እህቴ ቅር እንዳላት ትሄዳለች።"

"ለማን ልፍቀድ?" አለ ሲስተሙ። "ላፕቶፑ አፍታ ይመጣል፣ ስሙን አንብቤ ሳልጨርስ ይጠፋል። መሀል ሆኖ የሚያገናኘን ራውተሩ ነው። እሱ ካላገናኘን አልፈቅድም።"

ራውተሩ ሳሎን ቡፌው ላይ ነው። ወፍራም ነጭ ዳንቴል አራት ታጥፎ ለብሷል፤ ከላዩ የፕላስቲክ አበባ ተሸክሟል። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ሆነ።

"አገናኝ!" አለችው የሺመቤት በሹክሹክታ። "አንተ ካላገናኘህ ሲስተሙ አይፈቅድም፤ ሲስተሙ ካልፈቀደ አሮጌው አይሰጥም፤ አሮጌው ካልሰጠ ላፕቶፑ አያመጣም፤ ላፕቶፑ ካላመጣ ቴሌቪዥኑ አያሳይም፤ ቴሌቪዥኑ ካላሳየ እህቴ ቅር እንዳላት ትሄዳለች።"

ከዳንቴሉ ሥር የታፈነ ድምፅ መጣ። "ሳምንቴ ነው ከታፈንኩ። ሲግለኝ እጠፋለሁ፣ ሲበርድልኝ እመለሳለሁ። ዳንቴሉ ካልተነሳልኝ አላገናኝም።"

አቶ ክንፉ እጁን አስገብቶ ነካውና ቶሎ መለሰ። "ጉድ! ካውያ ሆኗል እኮ! አንሺለት!"

የሺመቤት ግን እጇ አልታዘዝ አላት። ዳንቴሉን የሠራችው እትዬ ሸጊቱ ናት፤ በዚያ በደከመ ዓይኗ፣ ሦስት ወር ሙሉ። የመጣች ዕለት ከሻንጣዋ አውጥታ ስትሰጣት፣ የሺመቤት በደስታ ይዛ የት ላድርገው እያለች ዞር ዞር አለች። ቴሌቪዥኑም ሬዲዮኑም የየራሳቸው ዳንቴል አላቸው፤ ራቁቱን የቀረው ራውተሩ ብቻ ነበር። አለበሰችው።

"እሷ እያየች ላነሳው? ስጦታዬን ናቀችው ብትልስ?"

"ምንም አትልም" አለ አቶ ክንፉ።

"እሱ ነው እኮ የሚያስፈራኝ" አለች የሺመቤት። እንግዲህ ከዕቃው ሁሉ የባሰው ይሉኝታ ነው፤ እሱን አጥፍቶ ማብራት አይቻልም።

"ምን ትንሾካሾካላችሁ?" አለች እትዬ ሸጊቱ ከሶፋው ላይ።

የሺመቤት እንባዋ መጣ። "ምን ላድርግ እትዬ! ዳንቴልሽ ካልተነሳ ራውተሩ አያገናኝም፤ ራውተሩ ካላገናኘ ሲስተሙ አይፈቅድም፤ ሲስተሙ ካልፈቀደ አሮጌው አይሰጥም፤ አሮጌው ካልሰጠ ላፕቶፑ አያመጣም፤ ላፕቶፑ ካላመጣ ቴሌቪዥኑ አያሳይም፤ ቴሌቪዥኑ ካላሳየ አንቺ ቅር እንዳለሽ ትሄጃለሽ!"

እትዬ ሸጊቱ ተነሥታ እየዳበሰች ወደ ቡፌው መጣች። "አንቺ ልጅ፣ ሳምንት ሙሉ አፌ ላይ ደርሶ ስመልሰው ሰነበትኩ። ይኼን የሠራሁት እኮ ለሕሊና ለምግብ ጠረጴዛዋ ነው። እኔ ሰርጓ ላይ ባልደርስ እጄ ይድረስላት ብዬ። ስሰጥሽ ትገምቺዋለሽ ብዬ ሳልነግርሽ ቀረሁ፤ እዚህ ላይ ስትጥይው ደግሞ ለሙሽራ አይመጥንም ብላ ነው ብዬ ዝም አልኩ።"

"እኔ እኮ ለቤቴ መስሎኝ! እትዬን!"

እትዬ ሸጊቱ አበባውን ለአቶ ክንፉ አስያዘችና ዳንቴሉን በሁለት እጇ አነሳችው። ሁሉም ቆመው ጠበቁ፤ አቶ ክንፉ በሳህን ክዳን ያራግብ ነበር።

ዳንቴሉ ተነሳ፤ ራውተሩ ተነፈሰ፤ ራውተሩ አገናኘ፤ ሲስተሙ ፈቀደ፤ አሮጌው ሰጠ፤ ላፕቶፑ አመጣ፤ ቴሌቪዥኑም ሙሽሪትን ከነቬሎዋ አሳየ! "ተመስገን!" አለች የሺመቤት፤ ሶፋው ላይም ቁጭ አለች።

አቶ ክንፉ ፊልሙን ወደ ፊት አሳለፈው። ሕሊና የሽማግሌዎቹን ጉልበት ልትስም መጣች። የአባቷን ሳመች፣ የእናቷን ሳመች። ከእናቷ ቀጥሎ አንድ ባዶ ወንበር አለ፤ ነጭ ነጠላ ተዘርግቶበታል። ሰው ሁሉ ልጅቷ የምታልፍ መስሎት ነበር። እሷ ግን ጎንበስ አለችና የወንበሩን መቀመጫ ሳመች።

እትዬ ሸጊቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረበች፣ ይበልጥም ቀረበች።

"ያ ወንበር የማን ነው?"

"ያንቺ ነዋ" አለች የሺመቤት። "ሌላ ሰው ላስቀምጥ ብላት እንቢ አለችኝ።"

መኪናው ደጅ ላይ ጥሩምባውን ነፋ፤ የሰማው የለም። እትዬ ሸጊቱ ዳንቴሉን ደረቷ ላይ አጥብቃ፣ "ክንፉ ልጄ፣ እስቲ እንደገና መልሰው" አለች። መለሰው። ሦስት ጊዜ መለሰው።

ይህን ያህል ነው ወሬው። የእኔን ተረት ባትመልሱልኝም ግድ የለኝም፤ ብቻ ቤታችሁ ስትገቡ ለራውተራችሁ ዳንቴሉን አንሱለት።