በገዛ ደጁ እንግዳ

እናንተ ደግሞ አባባሉን ብቻ ታንጠለጥላላችሁ፤ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ የለም። ሰው ሊረዳዳ በተነሣ ቁጥር ሽማግሌ የሚያነሣት ይህች አባባል ከእኛው ከወይራ አፋፍ ነው የወጣችው። ቁጭ በሉና ልንገራችሁ።

አድባሩ የሚባል የቆላ ሰው ነበር። ናዳ ቤቱን ውጦበት፣ ከለበሳት ጋቢ በቀር ምንም ሳይተርፈው፣ በግንቦት መጨረሻ ጭጋጉ መሬት ለመሬት ሲሳብ መንደራችን ብቅ አለ። ከአውድማው ዳር ካለችው ዛፍ ሥር አደረ። በማግስቱም እዚያው፤ በሳልስቱም እዚያው።

ሰዉ አዘነለት። ክረምቱ ሳይገባ ቤት እንሥራለት ተባለና የመንደራችን ሰው አያ ደምለው ደቦ ጠራ። እንጨቱ ከዚህ፣ ሣሩ ከዚያ መጣ። እንግዲህ በእኛ አገር ደቦው የቱንም ያህል ቢበዛ፣ የምሰሶውን ጉድጓድ ምሶ ምሰሶውን የሚተክለው ባለቤቱ ነው። ይህን ከልጅ እስከ አዋቂ ያውቀዋል። የዚያን ቀን ግን ጽድቅ ሸቷቸው ልማዱን ረሱት። አድባሩ ዶማ ሊያነሣ ሲል ነጠቁት። አንተ የተጎዳህ ሰው ነህ፣ አርፈህ ተቀመጥ፣ እኛ ለመቼ ልንሆንህ ነው እያሉ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ጠላም ሰጡት። እሱም እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሰው ቤት ሲሠራ እንደሚያይ መንገደኛ ሲያይ ዋለ። አመሻሽ ላይ ቤቱ አለቀና ተመራርቀው ተበተኑ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ስሰማው ሁልጊዜ ሕልም ሕልም ይለኛል። አድባሩ በየምሽቱ፣ ጭጋጉ ሲወርድ፣ ከዚያ ባዶ ቤት ደጃፍ ይቆምና "ቤቶች! የመሸበት እንግዳ ነኝ" ይላል። ማን ይመልስለት? ጥቂት ይጠብቃል፣ ጆሮውን ወደ በሩ ያዘነብላል፣ ከዚያ ጋቢውን ተከናንቦ ደጃፉ ላይ ይተኛል። ኧረ ግባ ሲሉት፣ ባለቤቱ ይምጣ ነው መልሱ። ሰው ለየለት፣ አበደ አለ። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ ሳል ጣለበት። በዚህ ዓይነት ክረምቱን እንደማይዘልቀው ሁሉም ገባው።

የአያ ደምለው ልጅ እናኑ ያን ጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። አሁን አሮጊት ሆናለች፤ የነገረችኝም እሷው ናት። ቂጣ ልታደርስለት ሄዳ እያለቀሰች ተመለሰችና ያ ቤት የማን ነው ብላ አባቷን አፋጠጠችው። የአድባሩ ነው አላት።

"እሱ ምኑን ሠራው?"

"ልጄ፣ አዝነንለት እኮ ነው" አላት።

"አዝናችሁለት ከሆነ ዶማውን ለምን ቀማችሁት?"

አያ ደምለው በጣም አፈረ። በማግስቱ ሁለት ሰው ይዞ ሄደና፣ ጣራውን በባላ ደግፎ ምሰሶውን ነቅሎ አወጣው። መንደሩ ተንጫጫ። በክረምት የድሃ ቤት ታፈርሳለህ ወይ ብለው ሊረግሙት ምንም አልቀራቸው። እሱ ግን ዶማና መጥረቢያ አድባሩ እግር ሥር አኖረ።

"ወንድሜ፣ ይቅር በለን" አለው። "ጣራው በባላ ነው የቆመው፤ ብዙ አይቆይም። ምሰሶህን እኛ አናውቅልህም።"

አድባሩ ጣራውን አየ፤ ዶማውን አየ። እያሳለ ተነሣ። ጫካ ወርዶ ጽድ ሲመርጥና ሲቆርጥ ቀኑን ሙሉ ዋለ። ሸክሙ ሲከብደው ራሱ ተጣራና ሁለት ጎረምሶች አገዙት። ጉድጓዱን ግን ማንንም አላስነካም፤ ብቻውን ማሰ፣ ብቻውን ተከለ፣ አፈሩን በእግሩ ጠቀጠቀ። የዚያን ምሽት ጭጋጉ ሲወርድ ማንንም ሳይጠይቅ ዘው ብሎ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ከሣሩ ክዳን ላይ ጭስ ወጣ። ሳሉም ሁለት ሳምንት አንገላቶት ለቀቀው።

አድባሩ በገባበት ምሽት እናኑ ከአባቷ ጋር ቆማ ያን ጭስ ስታይ ቆየችና፣ ሌላ ቤት የሌለው ሰው ቢመጣስ አንሠራለትም ወይ ብላ ጠየቀችው። አያ ደምለው እጇን ያዘና "እንሠራለታለን እንጂ፤ ብቻ ይህን አትርሺ ልጄ፦ ክዳኑ ለጎረቤት፣ ምሰሶው ለባለቤት" አላት።