የዶሮ እግር ያለበት ቀንድ

በእኛ አገር አንድ ሰው ዘይቱን ጨርሶ ባዶ ጀሪካኑን በቢላ ሲቀድ፣ ወይም ያለቀ የሽቶ ብልቃጥ ድንጋይ ላይ ሲከሰክስ ያየ ሽማግሌ «ምነው ሰውዬ፣ አበድክ?» አይለውም። አንዲት አጭር አባባል ጣል አድርጎ መንገዱን ይቀጥላል። ልጆች አባባሏን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ስለ ጀሪካንም ሆነ ስለ ብልቃጥ አንዳች ነገር የላትማ! የምታወራው ስለ ቀንድ ነው። ቀንዱ ከየት መጣ ለሚል ሰው፣ ነገሩ እንዲህ ነበር።

ዱሮ ዓባይን ተሻግሮ የሚመጣው ሸቀጥ ሁሉ በወይናም ገበያ በኩል በሚያልፍበት ዘመን፣ አንሙት የሚባል የዝባድ ነጋዴ ነበር። ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ ሽቶ ነው። ባለጥርኞቹ አውሬዋን በእንጨት ፍርግርግ አጉረው ሥጋ ያበሏታል፤ ከጅራቷ ሥር የምታወጣውን ቅባትም እየጠረጉ ይወስዳሉ። ብቻውን ሲሸቱት አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ከጠጉር ቅባት ጋር ጥቂት ጠብ ሲደረግ ግን ሙሽራይቱ ሳትታይ መምጣቷ ይታወቃል።

አንሙት ዝባዱን ከማዶ ገዝቶ፣ ጉድፉን ለቅሞ፣ በበሬ ቀንድ ይጠቀጥቀዋል። የቀንዱን አፍ በእርጥብ ቆዳ ሸፍኖ ይሰፋዋል፤ ቆዳው ሲደርቅ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ከዚያ ብረት አግሎ በቀንዱ ሆድ ላይ ምልክቱን ይተኩሳል። ምልክቱ የዶሮ እግር ነበር፤ ሦስት ጣት ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ። ዝባድ ነፋስ ካገኘው ሽታው ስለሚሸሽ፣ ገበያ ላይ ቀንድ ከፍቶ ማየት ነውር ነው። ገዢ የሚያምነው ሻጩን ብቻ ነው። ሌላው ነጋዴ ስንት መሐላ ምሎ የሚሸጠውን፣ አንሙት የዶሮ እግሩን አሳይቶ ይሸጠው ነበር።

ይህ ሁሉ ደህና ነው። ችግሩ አንሙት ምልክቱን ከዝባዱ ይልቅ መውደዱ ነበር።

በዚያ አገር ባዶ ቀንድ አይጣልም። አፉ ተፍቆና ለስልሶ ዋንጫ ይሆናል። የሀብታም ቤት ሁሉ ለልጁ ሰርግ የገዛውን የዝባድ ቀንድ አጥቦ ጠላ ይጠጣበታል። አንሙት ታዲያ ግብዣ በሄደ ቁጥር ዐይኑ ምግቡ ላይ አያርፍም፤ የዶሮ እግር ያለበትን ዋንጫ ሲፈልግ ወጡ ይቀዘቅዝበታል። ራሱም ቤቱ ውስጥ አንዲት ነበረችው፤ መጀመሪያ ምልክቱን የተኮሰባት ቀንድ፣ አፏ በብር የተለበጠ። እንግዳ ሲመጣ በእሷ ነበር የሚያጠጣው።

አንድ ቀን ከገበያው ሹም ከነጋድራስ ጓንጉል ቤት ሰርግ ሲመለሱ፣ ሚስቱን የሻረግን፦

«አየሽ? አዳራሹ ሙሉ በእኔ ምልክት ሲጠጣ?» አላት።

«አየሁ። ስምዎን ሰው ቤት ጥለው ሲመጡ አየሁ።»

«ጥዬ? አሳድሬ በይ እንጂ!»

«ያደረ ነገር ከማን ጋር እንደሚውል ማን ያውቃል? ዝባዱ ሲያልቅ ቀንዱን ስበሩት ቢሏቸው ምን ነበረበት? ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር።»

«ሰው የሚያከብርበትን ዋንጫ ልሰባብርበት? ምቀኛ እንኳ እንዲህ አይመክርም!» ብሎ ሳቀባት።

በዚያው ሰሞን ሽባባው የሚባል ዋንጫ ፋቂ ወደ ወይናም መጣ። እጁ ወርቅ ነው ይባልለት ነበር። ከቤት ቤት እየዞረ የዶሮ እግር ያለበት አሮጌ ዋንጫ ለሰጠው ሰው፣ ሁለት አዳዲስ ዋንጫ ይሰጠዋል። እንግዲህ ሁለት አዲስ ሰጥቶ አንድ አሮጌ የሚወስድ ሰው ወይ ቅዱስ ነው፣ ወይ ሌባ ነው፤ ሽባባው ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ሲስም እንኳ ታይቶ አያውቅም። ወሬው አንሙት ጆሮ ሲደርስ ግን ሰውዬው ልቡ አበጠ። «አያችሁ፣ ምልክቴ ሁለት ዋንጫ ያወጣል!» እያለ ላገኘው ሁሉ አወራ። የቀረባቸው ካለም ወደ ሽባባው እንዲወስዱ መከረ።

ክረምቱ ወጥቶ መንገድ ሲከፈት፣ ይርዳው የተባለው የሲራራ ነጋዴ ከምጽዋ ተመለሰ። ከአንሙት ጋር የዱሮ ደንበኛ ነበር። በዚያን ቀን ግን ሰላምታ እንኳ አልሰጠውም። የተሰፉ ቀንዶች የሞሉበትን ስልቻ ተሸክሞ በቀጥታ ነጋድራስ ጓንጉል ወደሚያስችልበት ዋርካ ሄደና መሬት ላይ ዘረገፈው።

«ነጋድራስ፣ ይፍረዱኝ! ይህ የአንሙት ምልክት ነው ብዬ፣ እዚሁ ገበያ ከአንድ መንገደኛ እጅ ሳልከፍት ገዛሁ። ባሕር ዳር ላይ ገዢው ሲከፍተው ቅቤ ሆነ! ከላይ ዝባድ ተለቅልቋል፤ ከሥሩ ያደረ ቅቤ ነው። የቅቤ ነጋዴ ብለው ሳቁብኝ። ያልከፈትኩትን ይዤ የመጣሁት እናንተው ከፍታችሁ እንድታዩት ነው።»

ነጋድራስ አንዱን አስከፈተ። ቅቤ ነው። ሌላውን አስከፈተ። እሱም ቅቤ ነው። ገበያው ጉድ አለ። በወይናም ሕግ አስመስሎ የሸጠ ነጋዴ ነጋሪት ይጎሰምበታል፤ መደቡን ይነጠቃል፤ ልጁም በዚያ ገበያ መደብ አያገኝም። አንሙት ይህን ሕግ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ በሌሎች ላይ ሲፈጸምም ቆሞ አይቷል።

«ምልክቱ ያንተ ነው?» አለ ነጋድራስ።

አንሙት ከተከፈቱት አንዱን ቀንድ አነሳና አየው። አሳምሮ ያውቀዋል።

«የእኔ ነው።»

«ቀንዱስ?»

«እሱም የእኔ ነው። ቅቤው ግን የእኔ አይደለም።»

ከበው የሚያዳምጡት ሳቁ። «እናቱ የእኔ ናት፣ ልጁ የእኔ አይደለም እንደማለት ነው!» አለ አንዱ ቀልደኛ። ይርዳው አልሳቀም። እሱም ቢስቅበት ለአንሙት በቀለለው ነበር።

አንሙት ቀንዱን በእጁ ያገላብጥ ጀመር። አውራ ጣቱ የቀንዱ አፍ ላይ ደረሰና ቆመ። ከንፈሩ ለስላሳ ነው። እንደገና ዳሰሰው። ከዚያ ቅቤ የሞላውን ቀንድ አንስቶ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ እንደሚጠጣ ሰው አፉ ላይ ደገነው።

«ሰውዬው በድንጋጤ አበደ!» አለ ያ ቀልደኛ።

«አላበድኩም። ነጋድራስ፣ እስኪ እርስዎም ከአፍዎ ጋር ያስተያዩት።»

ነጋድራስ ፊቱን ቅጭም አድርጎ ሞከረው። ቀንዱ ከከንፈሩ ጋር ገጠመ።

«ዝባድ የምከትበትን ቀንድ አፉን አልፍቀውም» አለ አንሙት። «ሸካራ ካልሆነ ቆዳው አይዝልኝም። ይህ ግን ተፍቋል፣ ለስልሷል፣ ተጠጥቶበታል። ዋንጫ የነበረ ቀንድ ነው። እኔ ከሸጥኩት በኋላ አንድ ቤት ገብቶ፣ ጠላ ሲቀዳበት ኖሮ፣ እንደገና ተሰፍቶ ነው የመጣው። የምልክቴን ዋንጫ ስመኝ ስለኖርኩ ከንፈሩን አልስተውም።»

ይህን ሲናገር ድምፁ ከፍ ብሎ ጀመረ፤ ሲጨርስ ግን ዝቅ አለ። የየሻረግ ነገር ትዝ አለው። ዋንጫ ሰብሳቢው ማን እንደሆነም ትዝ አለው። ማን ዘንድ ውሰዱ ብሎ ሲመክር እንደከረመም ትዝ አለውና በሰው ሁሉ ፊት አፈረ።

ሽባባው ቤት ሰው ተላከ። በጓዳው የተዘፈዘፈ ቆዳ፣ በገንቦ የቀለጠ ቅቤ፣ በግድግዳው ዙሪያም የዶሮ እግር ያለባቸው ቀንዶች ተደርድረው ተገኙ። ሽባባው ዋርካው ሥር ሲቀርብ አልተርበተበተም።

«እኔ ምልክት አልቀረጽኩም» አለ። «ሐሰተኛ ብረትም አላጋልኩም። የዶሮ እግሩን የተኮሰው አያ አንሙት ነው። በየቤቱ የበተነውም ራሱ ነው። እኔ የወደቀ አነሳሁ።»

ተገርፎ፣ ነጋሪት ተጎስሞበት፣ ከአገር ወጣ። ይርዳውም አንሙትን «አስቀይሜሃለሁ» ብሎ ይቅርታ ጠየቀው። አንሙት ነገሩ እዚያው ያለቀ መስሎት ነበር።

በማግሥቱ ገበያ መደቡ ላይ ቀንዶቹን ደርድሮ ተቀመጠ። የሚመጣው ሁሉ በአክብሮት እጅ ይነሳል፣ ስለተገኘው እውነት እግዜርን ያመሰግናል፣ ቀንዱን አንስቶ ያገላብጣል። ከዚያ፣ «አያ አንሙት፣ እስኪ ከፍተው ያሳዩኝ» ይላል።

«ከከፈትኩት ሽታው ይሄዳል እኮ።»

«ካልከፈቱት ደግሞ የእርስዎ ይሁን የሽባባው በምን አውቃለሁ?»

ይርዳው እንኳ መጣና አንድ ቀንድ አንስቶ መልሶ አስቀመጠ። «አንተን አምንሃለሁ፤ የዶሮ እግርህን ግን አላምንም» ብሎ ባዶ በቅሎውን ይዞ ሄደ። ይህ አንሙትን ከክሱ ይልቅ ጎዳው። ሲከሰስ ቢያንስ የሚከራከረው ሰው ነበረው። አሁን ሁሉም ንጹሕ ነህ ይለዋል፤ ንጹሕ ነህ ያለው ግን አንዱም አልገዛውም።

ገበያው ሳይበተን ተነስቶ ነጋድራስ ዘንድ ሄደ።

«ሌባው ተገርፏል፣ ስሜ ግን አልተመለሰም፤ ምን ላድርግ?» አለው።

«ስምህ የት ነው ያለው?»

«እንዴት የት ነው?»

«በየቤቱ መደርደሪያ ላይ ነዋ! የእኔም ቤት አለ። ነገ ሌላ ሽባባው ቢመጣ፣ ሲሳዩን ደርድረህ ነው የምትጠብቀው።»

አንሙት ሌላ ነገር አልጠየቀም። የሚሠራውን አውቋል፤ ሆዱ ግን እምቢ አለው። እቤቱ ሄዶ ጋደም አለ፣ ተነሳ፣ ምልክት የሌለበት ተራ ዋንጫ ሰብስቦ አህያ ላይ ጫነና ከቤት ቤት መዞር ጀመረ። ተራውን እየሰጠ የዶሮ እግር ያለበትን ይቀበላል። ልክ እንደ ሽባባው! ሰዎች ይህን አይተው ሲያሽሟጥጡበት አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።

ደግሞ አዲስ አከታተብ አወጣ። የቀንዱን አፍ በቆዳ መስፋት ተወና፣ በእንጨት ውታፍ ደፍኖ፣ በሙጫ አጣብቆ፣ ዙሪያውን በሹል እንጨት ቸነከረው፤ ውታፉን ልንቀል ያለ ቀንዱን ይሰነጥቀዋል። ዝባዱ የሚወጣው ቀንዱ ከወገቡ በመጋዝ ሲቆረጥ ብቻ ነው። የዶሮ እግሩንም እዚያው መቆረጫው ላይ ተኮሰው። የከፈተው ሰው የዶሮ እግሩን ለሁለት ሳይቆርጥ ዝባዱን አያገኝም፤ ለሁለት የተቆረጠ ቀንድ ደግሞ ለዋንጫም ለማጭበርበርም አይሆንም።

በገበያ ቀን የሰበሰበውን ሁሉ ዋርካው ሥር ከመረው። ነጋድራስም የራሱን አመጣ። አንሙት መዶሻ አንስቶ እያንዳንዱን ቋጥኝ ላይ እያስተኛ መታው። መጀመሪያ ሲመታ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። እየቆየ ለመደው። ሲጨርስ ላቡን ጠረገና፣ «አለቀ» አለ።

ይርዳው ሕዝቡ መሀል ቆሞ ነበር። «አያ አንሙት፣ ያቺ አፏ በብር የተለበጠው? እቤትህ ያጠጣኸኝ?» አለው።

«እሷማ ከቤት አትወጣም፤ ማን ይነካታል?» አለ አንሙት።

«ሲሞቱስ?» አለች ከኋላው የሻረግ። «ልጆችዎ ሲካፈሉ ማን እጅ እንደምትገባ በምን ያውቃሉ?»

ዘወር ቢል ቀንዲቱን ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ይዛታለች። ተቀበላት። የዶሮ እግሯ ከብዙ መዳሰስ የተነሳ ደብዝዟል። የመጀመሪያውን ዝባድ የሸጠበትን ቀን አስታወሰ፤ እንባው መጣበት፤ አልደበቀውም። የሻረግም ምቀኛ ስላላት ቀን አንዳች አልተናገረችም፤ ትከሻውን ብቻ ያዝ አደረገችው። ቀንዲቱን ቋጥኙ ላይ አስተኛትና መታት። ብሩ ተፈናጠረ። ስባሪዎቹን እንደገና መታቸው፤ የዶሮ እግሩ አንድ ጣት እንኳ እስከማይታይ ድረስ።

ይርዳው ወደ መደቡ ሄደ። በውታፍ ከተደፈኑት ከአዲሶቹ ቀንዶች አንዱን አነሳ፣ ምልክቱን አየ፣ ክፈተው ሳይል በቅሎው ላይ ጫነ። ሌሎቹም ተከተሉት።

ነጋድራስ ጓንጉል ከዋርካው ሥር ተነስቶ፣ የቀንዱን ብናኝ በዘንጉ ጫፍ ነካ ነካ አደረገና፣ እነሆ እስከ ዛሬ የምንላትን እዚያው አላት፦ «ስሙን የጠበቀ፣ ቀንዱን አደቀቀ።»