አምስት ሰው የገባበት ክፍል

አንድ የፊልም ዘፋኝ በህንድ አገር ነበር፤ ስሙም ሱዳካር ይባላል። መልኩን የሚያውቅ ጥቂት ነው፣ ድምፁን የማያውቅ ግን አልነበረም። መቼም እንደምታውቁት በእነሱ ፊልም ተዋናዩ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል እንጂ አይዘፍንም። የሚዘፍነው ስቱዲዮ ውስጥ ማይክራፎን ፊት የቆመ ሌላ ሰው ነው። ያ ሌላ ሰው ሱዳካር ነበር።

ይህ ሰው የማይችለው ድምፅ አልነበረም። ለጎረምሳው ይዘፍናል፣ ለሰካራሙ ይዘፍናል፣ ለመነኩሴው ይዘፍናል፣ ለሽማግሌው ይዘፍናል፣ ክፉው ሰውዬ ሲስቅ እንኳ ሳቁ የእሱ ነው። ዘዴም ነበረው። ዘፈኑ ከመቀዳቱ በፊት ተዋናዩን አስጠርቶ «እስቲ ይሄን ጋዜጣ አንብብልኝ» ይለዋል። ሰውዬው ሲያነብ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ የት ላይ እንደሚተነፍስ፣ የትኛውን ቃል እንደሚውጥ ያዳምጣል። ከዚያ የተዋናዩን ፎቶ ፊት ለፊቱ ይለጥፍና ይጀምራል። ወይ ጉድ! ተዋናዩ ራሱ «ይሄ እኔ ነኝ እንዴ?» ብሎ ይደነግጥ ነበር።

ምስጢሩን ግን ከእናቱና ካደገበት ሰፈር ሰዎች በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሱዳካር በልጅነቱ ተንተባታቢ ነበር። የገዛ ስሙን ለመጥራት ላብ ያጠምቀዋል፣ የሰፈር ልጆች ከኋላ ከኋላው እየተከተሉ ያሾፉበታል። አንድ ቀን የሰፈሩን ፀጉር አስተካካይ ድምፅ ሲያስመስል ምላሱ ድንገት ተፈታ። ከዚያ ወዲህ በሌላ ሰው ድምፅ ካልሆነ ተናግሮ አያውቅም። ሻይ ለማዘዝ እንኳ የአንዱን ተዋናይ ድምፅ ይዋስ ነበር። የራሱን ድምፅ እንዲህ አድርጎ ፈራው።

እናቱ ያሾዳ የምትኖረው ከእሱ ከተማ በባቡር አንድ ቀን በሚያስኬድ ቦታ ነው። ድሮ ሊጠይቃት ሲመጣ ፊቱን አይታ በደስታ ታለቅስ ነበር፣ የድምፁ ነገር ትዝም አይላት። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ዓይኗ ጠፋ። እሱም «ይሄን ፊልም ልጨርስና እመጣለሁ» ሲል ሲል ሁለቱ ዓመት እንደዋዛ አለፈ።

አንድ ቀን የምታስታምማት ጎረቤት፣ ካምላ የምትባለው፣ ስልክ ደወለችለት።

«ኧረ ድረስ! ወድቃ አልጋ ይዛለች። ትኩሳቱ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ሌባ ገባብኝ ትላለች። ከልጄ እጅ ካልሆነ አልቀምስም ብላ ይኸው አራት ቀኗ። ሐኪሙ እስከ ነገ ካልበላች አትተርፍም ብሏል» አለችው።

ሱዳካር በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ደረሰ። እናቱ ከስታ አልቃለች፤ አልጋው ላይ ያለችም አትመስል። የሩዝ አጥሚቱን ከካምላ ተቀብሎ አጠገቧ ተቀመጠና ሁልጊዜ በሚናገርበት በዚያ ከተዋናይ በተዋሰው ለስላሳ ድምፅ «እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ መጣሁ» አላት።

ያሾዳ ወደ ግድግዳው ሸሸች። «ማነህ አንተ? ልጄ እንዲህ አይናገርም!»

ደነገጠ። ምናልባት በልጅ ድምፅ ታውቀኝ ይሆናል ብሎ የጎረምሳውን ድምፅ አወጣ። አላወቀችውም። ያረጋጋት እንደሆነ ብሎ በመነኩሴው ድምፅ ዘፈነላት፣ ተንቀጠቀጠች። በሽማግሌው ድምፅ ለመናት፣ ጭራሽ ጆሮዋን ያዘች።

«ስንት ሆናችሁ ነው የገባችሁት?» አለች ጥርሷ እየተንገጫገጨ። «አራት ናችሁ። ሰማኋችሁ እኮ! አምስተኛውስ የት ነው የተደበቀው?»

ካምላ ፊቷን ሸፈነች። ሱዳካር ዞር ብሎ ክፍሉን አየ። አልጋው፣ ወንበሩና እሱ ብቻ ናቸው። ቢሆንም እሱም የሆነ ሰው ከኋላው የቆመ መሰለው። ማንኪያውን ወደ አፏ ሲያስጠጋ እጁን መታችው፣ አጥሚቱ ፈሰሰ። ከዚያ ባላት አቅም ሁሉ ወደ መስኮቱ ጮኸች።

«ሱዳካር! ልጄ! ድረስልኝ! ሊገድሉኝ ነው!»

እስቲ አስቡት! እናቱ ከእሱ እንዲያድናት የምትጣራው እሱኑ ነው። በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቶ አያውቅም። ከእጄ ሳትበላ፣ መምጣቴን ሳታውቅ፣ እኔኑ እየፈራች ልትሞት ነው ብሎ አሰበ። አንድ ድምፅ ልዋስ ቢል አንድም አልመጣለት አለ። ላብ አጠመቀው፣ ምላሱ ተሳሰረ።

«እ... እ... እማ... እማ...»

ያሾዳ ጩኸቷን አቆመች።

«እማ... ዬ... እ... እኔ...»

«ሱዲ?» አለች። በልጅነቱ የምትጠራው እንዲያ ነበር። «የት ቆይተህ ነው? ቤቱ እኮ ሰው ሞልቶበት ነበር!»

«ሄ... ሄ... ሄዱ።»

«ሁሉም?»

«ሁ... ሁ... ሁሉም፣ እማዬ።»

እጇን ሰደደችና ጉንጩን ዳሰሰችው። ካምላ ሮጣ ሌላ አጥሚት አመጣች። ያሾዳም አፏን ከፈተች።

ወገኖቼ፣ ይህን ታሪክ የነገረኝ ሰው ሴትዮዋ ስንት ዓመት እንደኖረች አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። አንድ ነገር ግን ልቤ ውስጥ ቀረ። ሰው ሁሉ ያጨበጨበለት ድምፅ እናቱን አስፈራት፤ ያፈረበትና የደበቀው ድምፅ አዳናት። እኛም ለአለቃ አንድ ድምፅ፣ ለጓደኛ አንድ ድምፅ፣ ለእንግዳ ሌላ ድምፅ አለን። ይሁን፣ ኑሮ ነው። ግን የሚወዱን ሰዎች የሚያውቁን አብዛኛውን ጊዜ በዚያ በምናፍርበት ነገራችን ነው። እሱን ፈጽመን ከጣልነው በጨነቃቸው ቀን አጠገባቸው ተቀምጠን እንኳ አያገኙንም።

አንተስ ወንድሜ፣ አንቺስ እህቴ፣ ዛሬ ቤት ገብታችሁ «እኔ ነኝ» ብትሉ የሚያውቃችሁ አለ?