ከክሪክ አልወርድም ያለችው ፒካፕ

ተረት ልጀምር ነው፤ የቸኮለ ይለፍ፣ ጊዜ ያለው ይቀመጥ።

ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ውድነሽ የምትባል ቲማቲም አምራች ነበረች። የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የለቀመችው ቲማቲም ሳይበሰብስ ገበያ እንዲደርስላት። ማመላለሻዋ ደግሞ ያረጀች ትልቅ ፒካፕ ናት። የፊት አክስሏ ተንጋዷል፣ ጭነት የሚሸከመው ባሌስትራዋ ረግቧል፤ መሪዋን ወደ ገበያው ሲያዞሩት እሷ ወደ ሐይቁ ትሄዳለች። ባሏ ሽመክት እንደምንም ጋራዥ አስገባትና ወረፋ ልጠብቅ ብሎ እዚያው ከረመ።

ውድነሽ ቢጨንቃት ጋራዡ በር ድረስ ሄዳ መካኒኩን ጋሽ ደምሰውን ለመነች። እሳቸውም ቡሽ የሚባለው የአክስሉ ቀለበት አልቋል፣ ብረት ቀራጩ በድሩ በቶርኖው አዲስ ካልቀረጸልኝ አልገጥምም አሏት። ቡሽ ከሌለ አክስሉ አይቀናም፣ አክስሉ ካልቀና ፒካፗ አትሄድም፣ ፒካፗ ካልሄደች ቲማቲሙ ይበሰብሳል።

በድሩ ዘንድ ሄደች። በድሩ ቶርኖው ላይ ምሳውን ዘርግቶ ይበላል።

“እትዬ ውድነሽ፣ መብራት ከጠፋ ሰነበተ። ቶርኖ በምርቃት አይዞርም” አላት።

መብራት ከሌለ ቶርኖው አይዞርም፣ ቶርኖው ካልዞረ ቡሽ የለም፣ ቡሽ ከሌለ አክስሉ አይቀናም፣ አክስሉ ካልቀና ፒካፗ አትሄድም፣ ፒካፗ ካልሄደች ቲማቲሙ ይበሰብሳል።

የመብራት ሠራተኞቹ አለቃ አቶ ጉርሜሳ በክብር ተቀበሏት፤ ወንበርም ሳቡላት። ምሰሶ መውደቁን ያውቃሉ፣ አዲስ ምሰሶም አላቸው፣ የሚተክሉ ጎረምሶችም ከጥላው ሥር ተጋድመዋል። መጫኛ መኪናቸው ግን ጋሽ ደምሰው ጋራዥ ቆማለች። መኪናዋ ካልተጠገነች ምሰሶው አይሄድም፣ ምሰሶው ካልሄደ መብራት አይመጣም፣ መብራት ከሌለ ቶርኖው አይዞርም፣ ቶርኖው ካልዞረ ቡሽ የለም፣ ቡሽ ከሌለ አክስሉ አይቀናም፣ አክስሉ ካልቀና ፒካፗ አትሄድም፣ ፒካፗ ካልሄደች ቲማቲሙ ይበሰብሳል። ቤቷ ገብታ አንዱን ቲማቲም በአውራ ጣቷ ብትነካው ሰረጎደ። የዓመት ልፋቷ ነውና እንባዋ መጣ።

እንባዋን ጠርጋ ጋሽ ደምሰው ዘንድ ተመለሰች። እሳቸውም ዓይናቸውን ሰበር አድርገው፣ የመብራቷን መኪና የማነሣበት ክሪክ የለኝም አሏት። ያለችው አንዲት ክሪክ ናት፤ እሷንም አንድ ችኮ ደንበኛ መኪናውን ሰቅሎባት አላወርድም ብሏል። ችኮው ካላወረደ ክሪኳ አትለቀቅም፣ ክሪኳ ካልተለቀቀች የመብራቷ መኪና አትጠገንም፣ መኪናዋ ካልተጠገነች ምሰሶው አይሄድም፣ ምሰሶው ካልሄደ መብራት አይመጣም፣ መብራት ከሌለ ቶርኖው አይዞርም፣ ቶርኖው ካልዞረ ቡሽ የለም፣ ቡሽ ከሌለ አክስሉ አይቀናም፣ አክስሉ ካልቀና ፒካፗ አትሄድም፣ ፒካፗ ካልሄደች ቲማቲሙ ይበሰብሳል።

ውድነሽ የዚያን ችኮ ዘር ማንዘር እየረገመች ወደ ጓሮ ዘለቀች። በክሪክ የተሰቀለችው የገዛ ፒካፗ ናት፤ እላይዋ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ የተቀመጠው ሽመክት ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው።

“ካወረድናት እኮ ወረፋችንን ይወስዱብናል” አላት ሽመክት።

“ወረፋማ ድንጋይም ይይዛል” አለችው። እውነቷን ነው፤ በዚያ ከተማ ለዳቦም ለነዳጅም ሰው ድንጋይ አስቀምጦ ቤቱ ይሄዳል፣ ድንጋዩንም የሚደፍር የለም። ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች አንከባላ ከአክስሉ ሥር አስገባችና ፒካፗን ድንጋዩ ላይ አወረዷት።

ከዚያማ ምን አለፋችሁ! ድንጋዩ ወረፋ ያዘ፣ ክሪኳ ተለቀቀች፣ የመብራቷ መኪና ተጠገነች፣ ምሰሶው ሄደ፣ መብራት መጣ፣ ቶርኖው ዞረ፣ ቡሹ ተቀረጸ፣ አክስሉ ቀና፣ ባሌስትራው ተደገፈ፣ ፒካፗ ሄደች፣ ቲማቲሙም ገበያ ደረሰ። ከሥር ያለው ፈርጧል፤ የቀረው ግን ጉንጩ እንደቀላ ነበር።

ሽመክት ከጭነቱ አናት ሳይወርድ፣ ወረፋዬን አጥብቄ ባልይዝ ኖሮ ይህ ሁሉ ቲማቲም አፈር ነበር እያለ ለነጋዴው ሁሉ ያወራል። ውድነሽ የፈረጠውን እየለየች ቀና አለች።

“ሽመክት፣ ውረድና አራግፍ” አለችው። “እዚህ ወረፋ የለም።”

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በቲማቲም ስልስ አብሱ።