የሽብሩ ዘንዶና የወይዘሮ አስካለ ባዶ ወንበሮች

በእኛ ሰፈር አንድ ሰው ጊዜ በነበረው ጊዜ ተኝቶ ከርሞ፣ ቀኑ ሲደርስ ላብ በላብ ሆኖ ሲራወጥ ካየን የምንለው ነገር አለ። እንግዳ ሲሰማው ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ተረት ይመስለዋል። አይደለም። ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፤ ሲባልም እዚያው ቆሜ ሰምቻለሁ። ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሱቄ አዳማ ውስጥ፣ ሁለት የልጆች መዝናኛዎች ፊት ለፊት በሚተያዩበት መንገድ ዳር ናት። የአንዱን በር በመስኮት፣ የሌላውን በመስተዋት አያለሁ። ከእኔ የተሻለ ምስክር ካለ ይምጣ።

በግራ በኩል ያለው የሽብሩ ነበር። ሽብሩ ሰላም ሲላችሁ እንኳ ማን እንዳየው ዙሪያውን የሚቃኝ ሰው ነው። ጢሙን ስላጨው «እንደዚህ ያለ ጢም በእጅህ ገብቶ ያውቃል?» ይለኛል። በቀኝ በኩል ያለው የወይዘሮ አስካለ ነው። ባላቸው ሲሞቱ የተዉላቸው ያንን ግቢ ብቻ ነው፤ የሚኖሩባት ሁለት ክፍል ቤትም እዚያው ጥግ ላይ ናት። ለሳቸው አንቱ፣ ለሱ አንተ የምለው ተሳስቼ አይደለም። እኔ አንቱታ የምሰጠው ለሚገባው ነው።

በሁለቱም ግቢ አንድ አንድ ትልቅ ሽክርክሪት አለ፤ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ከጣራ በላይ ወጥቶ፣ ከተማውን አይቶ የሚወርድበት። ሁለቱንም የሚጠግኑት አንድ ሰው ነበሩ፤ ከስኳር ፋብሪካ በመካኒክነት ጡረታ የወጡት ጋሽ ኡርጌሳ። መጋቢት 2012 ኮሮና መጣና ሁሉም ይዘጋ ሲባል፣ ጋሽ ኡርጌሳ ለሁለቱም ባለቤቶች አንድ ዓይነት ምክር ሰጡ።

«ብረት እንደ ሰው አይደለም፤ እረፍት ይገድለዋል» አሉ። «በየቅዳሜው ባዶውን ይዙር። የሚዞርበት ኩሽኔታ ግራሶ ይግባለት፣ ቡሎኑ ይጥበቅ። አለዚያ በተከፈተ ቀን ጉድ ይሠራችኋል።»

ሽብሩ ሳቀ። «ለማን ነው የሚዞረው? ለኮሮና?» አለና ሽማግሌውን ከበር አሰናበታቸው። «አንተ ሰውዬ፣ አርፈህ ቤትህ ተቀመጥ። ሰው ሲመጣ እጠራሃለሁ።»

ወይዘሮ አስካለ ግን እሺ አሉ። እሺ ማለት ቀላል ነው፤ በምን? በሩ ተዘግቶ፣ ስምንት ሠራተኛ እጃቸውን እያየ። ያን ሰሞን ገበያው ተጨናነቀ፣ ተራርቃችሁ ሽጡ እየተባለ አትክልት ሻጩ ሁሉ ሜዳ ፍለጋ ይንከራተት ነበር። እሳቸው ግቢያቸውን ጠዋት ጠዋት ለቲማቲምና ለሽንኩርት ሻጮች አከራዩ። በዚያች ገቢ ሠራተኞቻቸውን አቆዩ፣ ግራሶ ገዙ፣ ለጋሽ ኡርጌሳም ከፈሉ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሻጮቹ ሲወጡ፣ ሽክርክሪቱ ባዶ ወንበሮቹን ይዞ ቀስ ብሎ ይዞራል።

ከተማው መቼም ምላሱ አያርፍም። «ሴትዮዋ ጂን ታዝናናለች» ተባለ። «ነፋስ ሲሳፈር አየን» የሚሉም ነበሩ። እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽም። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ሽብሩ በበኩሉ ሥራ አልፈታም፤ የሠራው ሥራ ግን አያድርስ ነው። ከዱባይ ያገለገለ የልጆች ባቡር አዘዘ፤ መልኩ ዘንዶ የሆነ፣ ዓይኑ በአምፖል የሚበራ። ሽክርክሪቱ ሲበላሽ እንዲተካ የተቀመጠውን ትርፍ ሞተር ሳይቀር ሸጦ እዚያ ላይ አዋለው። ዘንዶው ገና መርከብ ሳይሳፈር በየኤሌክትሪክ ምሰሶው ላይ «ዘንዶው እየመጣ ነው! በኢትዮጵያ የመጀመሪያው!» የሚል ተለጠፈ። ሰው አፉን በጭንብል ሸፍኖ፣ ነገ የሚሆነውን ሳያውቅ፣ ሽብሩ ስለ ዘንዶ ያወራል።

ኅዳር ላይ አንድ ቀን ወንበሬ ላይ ተቀምጦ፣ ጉንጩ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ሳለ፣ ወይዘሮ አስካለ የግራሶ ቆርቆሮ አንጠልጥለው ከጋሽ ኡርጌሳ ጋር በሱቄ በር አለፉ።

«ወይዘሮ አስካለ!» ብሎ ጠራቸው። «ዛሬስ ስንት ጂን አሳፈሩ?»

«ጂኖቹስ ጨዋ ናቸው፤ መንገደኛ አያስቆሙም» አሉት።

«ለምን አይሸጡልኝም? በብረት ዋጋ እወስድልዎታለሁ፤ ከነቲማቲሙ። እኔ ዘንዶዬን ይዤ ስከፍት እርስዎ ጋ ማን ይመጣል?»

ወይዘሮ አስካለ ቆርቆሯቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። «ለገና ይከፈታል እየተባለ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «በዚያ ቀን ጀምበር ስትጠልቅ፣ በግቢው ያነሰ ሰው የተገኘበት፣ ግቢውን ከነሽክርክሪቱ ለሌላው በብረት ዋጋ ይሽጥ። ይደፍራሉ?»

«ወይዘሮ አስካለ፣ ተዉ» ብዬ ጣልቃ ገባሁ።

ሽብሩ ለማሰብ አንዲት ደቂቃ እንኳ አልወሰደም። የራሱን ሽክርክሪት ከዘጋ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ ሄዶ አላየውም። «ተመታ!» ብሎ ከነአረፋው ዘሎ ተነሣና እጁን ዘረጋ። እሳቸውም ግራሶ በነካው እጃቸው መቱት። እጁን በእኔ ነጭ ፎጣ ጠረገ፤ የዚያ ፎጣ እድፍ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ምስክሮቹ እኔና ጋሽ ኡርጌሳ ሆንን።

ገና ደረሰ። ዘንዶውም ደረሰ፤ ማለትም ጭንቅላቱ ብቻ። ባቡሩ በሁለት ኮንቴይነር ተጭኖ ኖሮ አንዱ ብቻ ተለቀቀ፤ ገላውና ጭራው ሞጆ ደረቅ ወደብ ቀሩ። ሌላ ሰው ቢሆን አፍሮ ይደብቀው ነበር። ሽብሩ ግን የዘንዶውን ራስ በሩ ላይ ሰቀለው፣ ዓይኑን አበራው፣ የድምፅ ማጉያውን ከፈተ። ከተማውም የዘንዶውን ስም ለወራት ሲሰማ ከርሟልና ጠዋት ግልብጥ ብሎ ሄደለት። «ተራርቃችሁ ቁሙ» የሚለው ጽሑፍ ሥር ሰው ተፋፍጎ ቆመ።

በማዶ ወይዘሮ አስካለ በራቸው ላይ ቆመዋል። እስከ ቀትር የገቡላቸው ልጆች አሥራ አምስት አይሞሉም። አዲስ ቀሚስ ለብሰው፣ ነጠላቸውን እየፈቱ መልሰው ያጣፋሉ። ከኋላቸው የሚኖሩባት ቤት በር ይታያል።

ከቀትር በኋላ ግን የሽብሩ እንግዶች ማጉረምረም ጀመሩ።

«ዘንዶው የት አለ?» ትላለች አንዷ ልጅ።

«ያውልሽ፣ በሩ ላይ» ይላታል ሽብሩ።

«እሱማ ጭንቅላቱ ብቻ ነው። የሚቀመጡበትስ?»

ሽብሩ ነገሩ እየተበላሸ መሆኑን ሲያይ «ሽክርክሪቱ ይነሣ!» ብሎ አዘዘ። ዝገቱን ሳያስፋቅ በላዩ ቀይ ቀለም አስቀብቶታል። ሽክርክሪቱን የሚያንቀሳቅሰው ኦፕሬተር «ጋሼ ሽብሩ፣ አሥር ወር የቆመ ነው፤ መጀመሪያ ጋሽ ኡርጌሳ ይዩት» ቢለው፣ «አዲስ ቀለም የተቀባ ነገር ምን ይታያል?» አለው። መቼም ቀለም ኩሽኔታን እንደሚያለሰልስ የደረሰበት እሱ ብቻ ነው።

ቀድሞ ያስቀመጣቸው ደግሞ የገዛ እናቱን ነው። እማማ ውዲቱ ለበዓሉ ከአሰላ የመጡ፣ በወፍጮ ቤት ሥራ እሱን ያሳደጉ ሰው ናቸው። «እናቴ ትመርቅልኝ!» ብሎ በማጉያው እየጮኸ ወንበሩ ላይ አስቀመጣቸው። ከኋላቸው ሃያ ሦስት ሰው ተሳፈረ።

ሽክርክሪቱ አንድ ዙር ዞረ። ሁለተኛውን ሲጀምር፣ ቢላዋ በድንጋይ ላይ ሲሳል የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ተሰማና ቀጥ አለ። ሞተሩ ጨሰ። እማማ ውዲቱ ከሁሉ በላይ፣ ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ።

ሽብሩ ማጉያውን አነሣ። «ውድ እንግዶቻችን፣ ሽክርክሪቱ የቆመው የከተማችንን ውበት በደንብ እንድታዩ ነው!»

እንዲህ ያለ ዓይነ ደረቅ አይቼ አላውቅም። እላይ ሕፃናት ያለቅሳሉ፣ እታች እናቶች ይጮኻሉ፣ እሱ ውበት ይሰብካል። ግማሽ ሰዓት አለፈ። ያልተሳፈረው ሰው ልጁን እየጎተተ መንገዱን ተሻገረ። በማዶ የወይዘሮ አስካለ ሽክርክሪት ያለ አንዳች ድምፅ ይዞራል፤ ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል፤ ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ የእኔ ሱቅ ደጃፍ ደርሷል።

በመጨረሻ ሽብሩ ጋሽ ኡርጌሳን ለመጥራት ኦፕሬተሩን ወደ ወይዘሮ አስካለ ግቢ ላከ። ራሱ አልሄደም።

ጋሽ ኡርጌሳ «ሰው ሲመጣ እጠራሃለሁ ብሎኝ ነበር፤ ቃሉን ጠበቀ ማለት ነው» አሉና ወይዘሮ አስካለን አዩ። የውርርዱ ነገር በሁላችንም ልብ አለ።

«ምን ያዩኛል፣ ጋሼ?» አሉ ወይዘሮ አስካለ። «እላይ የተሰቀሉት ምን አጠፉ? ይሂዱ።» የራሳቸውን ግራሶና አራት ሠራተኞቻቸውን ጨምረው ሰደዱለት።

ኩሽኔታው ደርቆ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። ጋሽ ኡርጌሳ እየፈቱ፣ እያስለቀቁ፣ ሠራተኞቹ በገመድ እየጎተቱ፣ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ማውረድ ጀመሩ። እማማ ውዲቱ ገና ከግማሽ ሳይወርዱ ጀምበር ጠለቀች።

እኔ ምስክር ነኝና ልቆጥር ተሻገርኩ። ሽብሩ ሸሚዙ በላብ ርሶ ክንዴን ያዘኝ። «በደንብ ቁጠር! እላይ ያሉትም የእኔ እንግዶች ናቸው!»

«እነሱማ መውረድ አቅቷቸው ነው» አልኩት።

«ቢሆንስ? ግቢዬ ውስጥ አይደሉም?»

ቆጠርኩለት። እላይ አሥራ አንድ፣ እታች እነሱን የሚጠብቁ ቤተሰቦች ወደ ሃያ። በማዶ ያለውን መቁጠር አላስፈለገኝም። ሽብሩም አየው፤ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ውሉ በሳምንቱ ተፈረመ፤ ግቢውም፣ ቀይ ቀለም የተቀባው ዝገትም፣ የዘንዶው ራስም በብረት ዋጋ ለወይዘሮ አስካለ ሆኑ። ሰፈሩ ያን ቀን የሚያስታውሰው ግን በውሉ አይደለም።

እማማ ውዲቱ በመጨረሻ ወረዱ። ጋሽ ኡርጌሳ እጃቸውን ይዘው አቆሟቸው። ሽብሩ ሮጦ እግራቸው ላይ ወደቀ።

«እማዬ፣ ይቅር በይኝ! የእኔ ጥፋት አይደለም። ዘመኑ ነው፤ ኮሮና ነው የጎዳኝ!»

እማማ ውዲቱ የጋሽ ኡርጌሳን በግራሶ የጠቆረ እጅ አዩ፤ መንገዱን ተሻግረው ውኃ ይዘውላቸው የመጡትን ወይዘሮ አስካለን አዩ፤ ከዚያ ልጃቸውን ቁልቁል ተመለከቱት።

«ኮሮናማ ለሷም ኮሮና ነበር» አሉት። «እኔ ወፍጮዬን የማስጠግነው መቼ ነበር? እህል የያዘ ሰው በር ላይ ተሰልፎ ነው? ክረምት ላይ፣ ገበያ በጠፋ ጊዜ አልነበረም? በዓይንህ እያየህ ነው ያደግኸው። ተነሥ እንግዲህ ከእግሬ ሥር፣ ልጄ፤ ሲዘጋ ያልጠገኑት ሲከፈት ያዋርዳል።»