አላመጣም ያለው ውሻና የጭራቁ ቅል

— ተረቴን ላምጣ?
— አምጪው!
— ሩቅ ነው ያለው።
— ከሩቅም ቢሆን አምጪው!

በሉ እንግዲህ ተጠጉ። የፈራ ወንድሙን ይያዝ፤ እኔን ግን እንዳትቆነጥጡኝ።

ዱሮ ዱሮ፣ ጫካው እስከ ሰው ደጃፍ ይደርስ በነበረበት ዘመን፣ ስንዱ የምትባል ልጅ ነበረች። እናቷ ሞታለች፤ አባቷ ቆቅና ጅግራ በወንጭፍ የሚያድን ሰው ነበር። አንድ ቀን ድንጋይ አዳልጦት እግሩ ተሰበረና ቤት ዋለ። ወንጭፉም፣ ቢያድግ የሚባለው ትንሹ ወንድሟም፣ ገና ያልተገራው የአደን ቡችላም ስንዱ ላይ ወደቁ። የቡችላው ስም ጥጋቡ ነው። ምነው ሌላ ስም ባወጡለት ኖሮ!

ስንዱ ወንጭፍ ስትወነጭፍ እጇ አይስትም። ጣጣው ጥጋቡ ነበር። ወፏ ስትወድቅ እሾሁን ጥሶ ይገባል፤ በአፉ ይዟት ይወጣል፤ ከዚያ እሩቅ ላይ ይቆምና ጅራቱን ይቆላል። ስንዱ ትጮኻለች፦

«አምጣ! ጥጋቡ፣ አምጣ! ኧረ በእናትህ አምጣ!»

ትሮጣለች፣ ይሮጣል። ትቆማለች፣ ይቆማል። ድንጋይ ታነሳለች፣ ጨዋታው የደመቀ መስሎት ይዘላል! አትሳቁ፤ በአፉ የያዘው እኮ የቤቱን እራት ነው። ስንዱ ስንቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ በንዴት አልቅሳለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢያድግን ዋርካው ሥር አስቀመጠችና «ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል» አለችው። አንዲት ቆቅ ጣለች። ጥጋቡ ቆቋን አፈፍ አድርጎ ሄደ። ስታባርረው፣ ስታባርረው፣ ወንዙን ተሻገረች። ስትመለስ ዋርካው ሥር ቢያድግ የለም። መሬቱ ላይ መሶብ የሚያህል ዱካ ታትሟል። ከጫካው ውስጥ ደግሞ ወፍራም ድምፅ ያንጎራጉራል፦

«ትንሽ ልጅ አገኘሁ፣ ስልቻዬ ገባ፤
ማር አልሰዋለሁ፣ ሰውነቱ እስኪሰባ!»

ጭራቁ ነዋ!

ስንዱ ቡችላው ላይ አፈጠጠች። «አንተ ነህ! አንተን ሳባርር ነው ወንድሜን ያስወሰድኩት!» ብላ ጥጋቡ ላይ ጮኸች። ጥጋቡ ቆቋን እንደያዘ ጅራቱን ቆላ።

ይሄኔ ከአፉ ውስጥ ድምፅ ወጣ። «ወይ ጉድ! በቃኝ! ሰለቸኝ!»

ቆቋ ናት፤ አልሞተችም፤ ድንጋዩ አደንዝዟት ኖሯል። ጥጋቡ እራት ሲናገር ሰምቶ አያውቅምና አፉን ከፍቶ ቀረ። ቆቋ ዱብ ብላ ወረደች፤ ላባዋንም አራገፈች።

«አንቺ ልጅ» አለች፣ «የዚህ ውሻ አፍ ለስላሳ ነው፤ አንድ ላባ አልነቀለብኝም። ምራቁ ግን አበሰበሰኝ! ከወንዝ ወዲህ፣ ከወንዝ ወዲያ ስንከራተት ዋልኩ። ጥፋቱ ደግሞ ያንቺ ነው።»

«የኔ? እመት ቆቅ፣ እኔ ምን አደረግሁ?»

«ታባርሪዋለሽ፤ የሚባረር ይሸሻል። ስትደርሺበት ትነጥቂዋለሽ፤ የሚነጠቅ ምን ብሎ ያመጣል? አሁን ስሚኝ። ዳግመኛ ወደ ቆቅ ላትወነጭፊ ከማልሽልኝ የጭራቁን ምሥጢር እነግርሻለሁ።»

ስንዱ ማለች።

«የጭራቁ ነፍስ ሆዱ ውስጥ አይደለችም። ጢንዚዛ ሆና በሰም በተደፈነች ትንሽ ቅል ውስጥ፣ አልጋው ሥር ተቀምጣለች። ቅሏ ከተሰበረች ጭራቅ የለም። በሩን በቋጥኝ ይዘጋዋል፤ ከጓሮ ያለችው ቀዳዳ ደግሞ ውሻ እንጂ ሰው አታስገባም።»

ስንዱ ወደ ጥጋቡ ዞረች። ጥጋቡ የገዛ ጅራቱን ሊይዝ ይሽከረከራል።

«እሱ? እሱ ነው የሚያመጣልኝ? በቃ፣ ወንድሜ ተበላ!»

«ልጁ ከሲታ ነው፤ እስኪሰባ ጊዜ አለሽ። ይልቅ ውሻውን አስተምሪ።»

ስንዱ የበግ ቆዳ ቁራጭ ጠቅልላ ላባ አሰረችበትና ወረወረችው። ጥጋቡ አነሳው፤ እሩቅ ላይ ቆመ። «አም…» ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ዝም አለች። ጥጋቡ ጠበቀ። የሚያባርረው ሲያጣ ግራ ገባው። ግማሽ መንገድ መጣና ተመለሰ።

«ግማሽ መጣ፤ ትንሽ ነገር አይደለም» አለች ቆቋ ቅርንጫፍ ላይ ሆና።

ደግማ ወረወረች። ጥጋቡ አነሳው፤ እሩቅ ላይ ቆመ። ስንዱ ጀርባዋን ሰጥታው ሮጠች። «ጥላኝ ልትሄድ ነው እንዴ!» ብሎ ተከተላት፣ ደረሰባት፣ አጠገቧ ቆመ። እሷም ከደስታዋ ብዛት ቆዳውን ላፍ! ጥጋቡ አፈትልኮ ሄደ፤ እስኪመሽ ድረስ ረግረጉ ውስጥ ሲቦርቅበት ቆየ።

«እጅሽ! እጅሽን አደብ አስይዢው እንጂ!» አለች ቆቋ፤ በንዴት ልትፈነዳ ደረሰች።

በማግሥቱ እንደገና ወረወረች። ጥጋቡ አነሳው፤ እሩቅ ላይ ቆመ። ስንዱ ጀርባዋን ሰጥታው ሮጠች፤ ከዚያ ቁጭ አለች። ሲመጣ ወደ አፉ እጇን አልዘረጋችም፤ ደረቱን አሻሸችው። «ጎሽ የኔ ጀግና፣ ጎሽ የኔ ጌታ።» ጥጋቡ ዓይኑን ጨፈነ፤ ደስታውን አጣጣመ፤ ቆዳውን ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

ስንዱ ቆዳውን እቅፍ ልታደርገው ስትል ቆቋ ጮኸች። «መልሰሽ ወርውሪለት! ባመጣ ቁጥር ጨዋታው ካለቀበት ነገ ለምን ያመጣል?»

ወረወረችለት። ሄደ፣ መጣ። ወረወረችለት። ሄደ፣ መጣ። ክንዷ ዛለ፤ እሱ አልደከመውም። ቤት ሲገቡም ቆዳውን ጭኗ ላይ እየጣለ አላስቀምጥ አላት። «ትናንት አላመጣም፤ ዛሬ አልተውም! ኧረ ምን ዓይነት ፍጡር ነህ!»

እንዲህ ሲለማመዱ ሰነበቱ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጭራቁ ዜማውን ለወጠ፦

«ትንሹ ልጅ ወፍሯል፣ ስልቻዬ ሞላ፤
ድስቴን ጥጃለሁ፣ ዛሬ እሱን ልበላ!»

ስንዱ ጥጋቡን ይዛ፣ ዜማውን ተከትላ ወደ ጭራቁ ጎጆ በረረች። ድስቱ እስኪፈላ ጭራቁ ጋደም ብሎ ያንኮራፋል፤ ጎጆው ይንቀጠቀጣል። ቀዳዳውን አሳየችው። ጥጋቡ ገባ። ቆየ። በጣም ቆየ። ከዚያ ወጣ፤ በአፉ ቅል ይዟል፤ ቅሉ ውስጥ ጢንዚዛዋ ጥዝዝዝ ትላለች። የሚጮህ መጫወቻ! ጥጋቡ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም፤ በደስታ አበደ።

ጥዝዝታው ጭራቁን ቀሰቀሰው። ቋጥኙን በትከሻው ገፍቶ ወጣ፤ ጥርሱ እንደ ማረሻ፣ ፀጉሩ እስከ ጉልበቱ።

«አምጣ! አንተ ውሻ፣ አምጣ! ኧረ በእናትህ አምጣ!»

ጥጋቡ ይህን ጩኸት ያውቀዋል። ጭራቁ ሮጠ፣ ጥጋቡ ሮጠ። ጭራቁ ቆመ፣ ጥጋቡ ቆመ። ጭራቁ ዛፍ ነቅሎ ወረወረ፣ ጥጋቡ ጨዋታው የደመቀ መስሎት ዘለለ! በመጨረሻ ጭራቁ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በንዴት አለቀሰ። ስንዱ ሳታስበው አዘነችለት፤ ያንን ለቅሶ ታውቀዋለቻ።

ጭራቁ እንባውን ሲጠርግ አያት። «አሃ! ያንቺ ውሻ ነው? እንግዲያው አንቺን እበላለሁ!»

ስንዱ «አምጣ!» ልትል አፏ ላይ ደረሰ። ዋጠችው። ጀርባዋን ሰጠች። ለጭራቅ ጀርባ መስጠት ምን ማለት እንደሆነ እስቲ አስቡት! ሮጠች። ከኋላዋ ድም! ድም! ድም! ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ ስትደርስ ቁጭ አለች።

ጥጋቡ በጭራቁ እግሮች መካከል ሾልኮ መጣና አጠገቧ ቆመ። ድም! እጇ ሊነጥቀው በላት፤ አልነጠቀችም። «ጎሽ የኔ ጀግና» አለች፣ ደረቱን እያሻሸች። ድም! ድም! «ጎሽ የኔ ጌታ።» የጭራቁ ትንፋሽ ማጅራቷን አሞቀው። ጥጋቡ ዓይኑን ጨፈነ። አይ ጥጋቡ! አሁን ዓይን ይጨፈናል? አሁን ይጣጣማል?

ከዚያ ቅሏን ጭኗ ላይ አስቀመጠላት።

ስንዱ ቅሏን አንስታ ድንጋዩ ላይ ጧ! ጢንዚዛዋ ጥዝዝ ብላ በረረች። ጭራቁ እጁን እንደዘረጋ፣ እንደተራገፈ ስልቻ ሟሸሸና ወደቀ። ነፋስ መጥቶ ወሰደው።

ጎጆው ውስጥ ገብታ ስልቻውን ፈታች። ቢያድግ ጉንጩ ሁሉ ማር ሆኖ ወጣ። «ማሩን እኮ አልጨረስኩም» አለ። ስንዱ አቀፈችው፣ ሳመችው፣ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ደግሞ ቆነጠጠችው።

ጥጋቡ የቅሉን ስብርባሪ አየ፤ እሷን አየ። አምጥቶላት ሰበረችበት! ስንዱ ገባትና ላባ የታሰረበትን ቆዳ ከጉያዋ አውጥታ ወደ ቤት አቅጣጫ ወረወረችለት።

አባታቸው ልጆቹን ከሩቅ ሲያይ በከዘራ እያነከሰ ወጣ፤ ሁለቱንም አቅፎ አልለቅ አለ። ቆይቶ ቆዳ የያዘውን ጥጋቡን አየና ጮኸ፦ «አምጣ! ጥጋቡ፣ አምጣ! ኧረ በእናትህ…»

ጥጋቡ ሊፈተለክ ተዘጋጀ።

«አባዬ!» አለች ስንዱ። «ዝም በልና ጀርባህን ስጠው።»

አባቷ እያጉረመረመ ዞረ። ጥቂት ቆይቶ እርጥብ ነገር እግሩ ላይ ዱብ አለ፤ በተሰበረው እግሩ ላይ ነው ደግሞ። ከዚያ ወዲህ ከዚያ ቤት እራት ጠፍቶ አያውቅም። ጅግራ ነው እንግዲህ፤ ቆቅማ መሐላ አለበት።

ተረቴን ወረወርኩላችሁ። አምጡ ብዬ አልጮህባችሁም፤ አላባርራችሁምም። ይኸው ጀርባዬን ሰጠኋችሁ፤ በሉ ደስ ሲላችሁ አምጡልኝ።